ብርድ ልብስ የለበሰው ቧንቧ

ፍንዳታው የከተማውን መስኮት ሁሉ አራገፈ፣ ውሻውን ሁሉ አስጮኸ፣ ከማቅለሚያ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ጋራዥ ደግሞ ለዓመታት እምቢ ብሎ የቆመ የአንድ የጭነት መኪና ሞተር ቀስቅሶ አስነሳ ይባላል። የሞተሩን ነገር የሚያምን ይመን። ሥራ አስኪያጁ መሞቱ ግን እርግጥ ነው።

ሰውዬው የተገኘው በመስታወት ክፍሉ ውስጥ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ነው። ከራሱ በላይ በጣሪያው ሥር የሚያልፈው የእንፋሎት ቧንቧ በሚታጠፍበት ክርኑ በኩል ተከፍቶ፣ የቦይለሩን ትኩስ እስትንፋስ ቁልቁል ለቆበታል። በሩ አጠገቡ ነበር። ለመድረስ ጊዜ አላገኘም።

ጉዳዩን የያዘውን ኢንስፔክተር መላው ፖሊስ «ወፍጮ» ይለዋል። አንደኛ ስለ ድምፁ፤ ሲያስነጥስ እስር ቤት ያለው ሁሉ ይናዘዛል። ሁለተኛ፣ የገባለትን ነገር ሳያደቅ ስለማይመልስ። ሳጅኗ ግን ሦስተኛ ምክንያት አላት፤ «ሲበላ ያየው ያውቃል» ትላለች። በአገሩ ኢንስፔክተሩን በፊቱ የምትተርበው እሷ ብቻ ናት፤ እሱም ያለ እሷ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ገና በሩን ሲያልፉ የሟች ታላቅ ወንድም፣ የፋብሪካው ባለቤት፣ ደረቱን ነፍቶ መንገድ ዘጋባቸው። ቁምሳጥን የሚያክል ሰው ነው። ከኋላው ደግሞ ቁምሳጥኑን የሚሸከሙ የሚመስሉ ጎረምሶች ቆመዋል።

«ወንድሜን ቀቀሉት!» አለ። «ያ የቦይለር ሠራተኛ ነው! በሰው ፊት፣ ‹አንድ ቀን በእንፋሎት ቀቅዬ አወጣሃለሁ› ብሎታል። ጠይቅ! ሁሉም ሰምቷል!»

«መቼ ነው ያለው?»

«ያቺ የማቅለሚያ ክፍል ልጅ የፈላ ቀለም ጋን ውስጥ ወድቃ የሞተች ጊዜ። ራሷ ተንሸራታ ለሞተች ልጅ ወንድሜን ወነጀለው!» ባለቤቱ ጣቱን የኢንስፔክተሩ የደረት ቁልፍ ላይ ተከለ። «እስከ ዓርብ ከሰስከው፣ ከሰስከው። አለዚያ ፍቱትና በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ። ደሜን እኔው እመልሳለሁ።»

«ጣትዎን ያንሱልኝ» አለ ወፍጮ። «ቁልፉ የመንግሥት ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ገቡ። ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ ጠረጴዛው እንደ ሰው አቃሰተ። ከጣሪያው ሥር ሁለት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ አንዱ እንፋሎት፣ አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ። ሁለቱም የሚያብረቀርቁ፣ ባለቤቱ በየስብሰባው የሚኩራራባቸው የማይዝግ ብረት ናቸው። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ሙቀቱን እንዲያፍን፣ ሠራተኛው «ብርድ ልብስ» በሚለው ወፍራም የፋይበር መሸፈኛ ጠቅልለዋቸዋል።

«ሳጅን፣ ነይ እዪ። ይህ ፈነዳ ይባላል?»

ሳጅኗ አንገቷን አሰገገች። ብረቱ እንደ ፊኛ አልተተረተረም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነው፤ ከአንዱ ሌላው እየበቀለ፣ የዛፍ ሥር መስሎ ክርኑን ሁሉ ወርሶታል። ከስንጥቆቹ ትንሿ ተከፍታ ነው ያን ሁሉ መዓት ያወረደችው።

«የማይዝግ አይደል እንዴ የሚሉት?» አለች።

«ስሙ ነው። የአጎቴን ልጅም ‹ትሑት› ነው የሚሉት።»

በክርኑ ዙሪያ የተጋገረ ነጭ ነገር ነበር። ምላሱን አስነካ፤ ጨው። አጠገቡ ያለው የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧም ያው ጨው ደርቆበታል። ኢንስፔክተሩ በመሐረቡ ጠረገው። ከሥር መስታወት ሆኖ ወጣ፤ የራሱን ጥርስ አየበት። አንድ ብረት፣ አንድ ጨው፤ አንዱ ሞቶ አንዱ ሙሽራ።

«ክርኑን ቁረጡና በጆንያ ጠቅልሉት» አለ። «ማንም እንዳያየው። ውጭ ያለው ሁሉ ‹ፈነዳ› ይላል። ይበል።»

*

የቦይለር ሠራተኛው እጁ ግንድ፣ ድምፁ ግን የሹክሹክታ ያህል ነው። ጣቢያ ወንበር ላይ ሆኖ ወለሉን ያያል።

«ግፊት ጨምረህበታል?»

«አልጨመርኩም ጌታዬ። መለኪያው ከቦታው አልነቃነቀም። ማስተንፈሻው ደህና ነው፤ ራስዎ ይፈትኑት።»

ፈትነውት ነበር። ደህና ነው።

«ታዲያ ቀቅዬ አወጣሃለሁ ያልከው ለቀልድ ነው?»

ሳጅኗ ውሃ ቀዳችለት። ብርጭቆውን ይዞ አልጠጣም።

«ላገባት ነበር» አለ በመጨረሻ። «የማቅለሚያ ክፍሏን ልጅ። የፈላው ጋን ክዳን ነበረው። ሥራ ያጓትታል ብሎ ያስነሳው እሱ ነው፤ ሲያስነሳ እኔ አይቻለሁ። ስትወድቅ ግን ‹ራሷ ከፍታ ነው› አለ። ክዳኑንም በማግሥቱ መለሰው። ማንም እኔን የሰማኝ የለም።»

«እጮኛህ መሆኗን ማን ያውቃል?»

«ማንም። ደብቀው አለችኝ። ለምን ስላት ‹ጊዜው ሲደርስ አሳይሃለሁ› ትለኛለች እንጂ አትነግረኝም።»

ውጭ ሲወጡ ሳጅኗ ተነፈሰች። «አለቃ፣ ይሄ ሰውዬ በራሱ አፍ ገመዱን ገምዶ አስረከበን። ዛቻ አለው፣ ምክንያት አለው፣ ቦይለሩም በእጁ ነው።»

«ጨውስ?»

«ጨው ምን?»

«ቦይለር ጨው ይተፋል?» ወፍጮ ጢሙን ጎተተ። «እንዳይከሰስ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ሌላ ካላመጣሁ ዓርብ ወይ ልፈታው ወይ ልከስሰው ነው፤ ብፈታው ያ ቁምሳጥን በር ላይ ይፈጨዋል፣ ብከስሰው እኛ እንፈጨዋለን።»

*

የሠራተኞች ክበብ ባለሻይዋ ወሬ የምትቀዳው ከሻዩ በፊት ነው። የፋብሪካው ማሽን ቢቆም በእሷ ምላስ ሦስት ፈረቃ ይሠራ ነበር።

«እትዬ፣ ሟቹን ያገለግሉ ነበር?»

«ሳገለግል ወገቤ ተቆረጠ ልጄ! ሻይ ብቻ መሰለህ? ወንበር ጎታችም እኔው ነበርኩ። ብርድ በጀመረ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሲንዘፈዘፍ፣ እሱ ‹ከላይ ሙቀት እየመጣብኝ ነው› ይላል። ቧንቧው እንደሆነ ልብሱን ለብሷል! ወደ መስኮቱ በኩል፣ ከሌላኛው ክርን ሥር አዛወርኩለት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ‹እዚህም ሞቀኝ›። መልሼ አመጣሁት። እንደ ድመት ነው ያዞረኝ። ነፍሱን ይማረውና።»

«ያቺን የሞተችውን ልጅስ የሚወዳት ማን ነበር?»

«የማይወዳት ማን ነበር በለኝ! ሽርጧ ላይ ትንሽ ወፍ ጠልፋ ነበር፣ ከሌላው እንዳይቀላቀልባት። ‹ወፏ› ነበር የምንላት። ያ ጥርሱን ለጥርስ ሐኪም ብቻ የሚያሳይ ኬሚስት እንኳ እሷን ሲያይ ‹የናቴ ልጅ› ነበር የሚላት።»

ሳጅኗ ቅንድቧን አነሳች። «ወዷት ነበር ማለት ነው?»

«ኧረ ተዪኝ! ‹የናቴ ልጅ›ማ ዘበኛውም እኔን ይለኛል፣ ስኳር እንድጨምርለት ሲፈልግ።»

ተሳሳቁና አለፉት። በአገሩ ትልቁ ወፍጮ፣ ያቺን ፍሬ ሳይፈጭ በወንፊቱ ቀዳዳ አሾልኮ ጣላት።

*

በቴክኒክ ኮሌጁ ስለ ብረት የሚያስተምሩት ሴትዮ የተሰነጠቀውን ክርን በአጉሊ መነጽር አዩና፣ የልጅ ልጃቸውን ሥዕል ያዩ ይመስል ፈገግ አሉ።

«የቆየ ሕመም ነው» አሉ። «በአንድ ቀን አይሰነጠቅም። ይሄ ብረት የማይዝገው ቆዳ ስላለው ነው፤ በዓይን የማይታይ ስስ ቆዳ። ጨው ያንን ቆዳ ይበሳል። ግን ጨው ብቻውን ጥርስ የለውም።»

«ጥርሱ ምንድን ነው?»

«ሙቀት። ዝም ብሎ የቆመ ሙቀት ሳይሆን በብረቱ ግድግዳ በኩል የሚያልፍ ሙቀት። ከውስጥ እንፋሎት አለ፣ ከውጭ ብርድ። ሙቀቱ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይጓዛል። ጠብታ ጨዋማ ውሃ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ውሃዋ ተንኖ ይሄዳል፣ ጨው ግን ይቀራል። ሌላ ጠብታ ትመጣለች፤ ያው። ቀስ በቀስ ለምላስ የማይሰማ ጨው እዚያች ቦታ ላይ መርዝ ይሆናል። ብረቱ ደግሞ በክርኑ ላይ ሲታጠፍ የተወጠረ ነው፤ የተወጠረ ነገር ቀድሞ ይሰነጠቃል።»

«ቀዝቃዛው ቧንቧ ግን ያው ጨው እያለበት እንደ መስታወት ነው።»

«በእሱ በኩል የሚያልፍ ሙቀት የለማ! ጨውን የሚያከማችበትም የሚያስነክሰውም የለም።»

ወፍጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር፣ መሸፈኛው ቢረጥብ ክፍሉ ይሞቃል?»

«እንዴታ! ደረቅ ብርድ ልብስ ሙቀት ያፍናል፤ እርጥብ ከሆነ ያሳልፋል። ከሥር የተቀመጠ ሰው አናቱ ላይ ይሰማዋል።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን አየ፤ ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን አየች። ወንበሩ! ሰውዬው ሞቀኝ ብሎ ሲሸሽ የኖረው የራሱን ሞት ነበር። በየሄደበት ደግሞ ሞቱ ተከትሎታል። ጣሪያ የሚያፈስ ቢሆን ሰው እየተከተለ አያፈስም።

«ስለዚህ ገዳዩ ቧንቧው የተሰነጠቀ ዕለት የትም ሊሆን ይችላል» አለች ሳጅኗ ደረጃውን ሲወርዱ። «ሥራውን የሠራው በብርዱ ወራት ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱ ይሠራለታል።»

«ያን ዕለት እዚህ ያልነበረ ሰው ማነው?»

«ፈቃድ ላይ የነበረው ኬሚስት አለ። ትናንት ተመልሷል።»

*

ላብራቶሪው ከመስታወቱ ክፍል በላይ ነው። ኬሚስቱ ነጭ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀበላቸው። ሁሉ ነገሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፍሩ፣ ጠረጴዛው፣ አነጋገሩ። ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያው ሥር ደግሞ ሁለቱ ቧንቧዎች ወለሉን በስተው ቁልቁል ይወርዳሉ።

«በጣም ነው ያዘንኩት» አለ። «እናቴ አሟት ፈቃድ ወስጄ ነበር። ቧንቧው ሲሰነጠቅ እሷ ራስጌ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቶቿን መጠየቅ ይችላሉ።»

«እናትዎ ተሻላቸው?»

«ኀዘን ነው ሕመሟ። በቶሎ አይሽርም።»

«ቧንቧው ላይ ጨው አግኝተናል።»

ኬሚስቱ በትዕግሥት ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ለልምምድ የወጣ ይመስላል። «ማቅለሚያ ቤት ነው ኢንስፔክተር። ቀለም ጨርቅ ላይ የሚጣበቀው በጨው ነው። አየሩ ጨው ነው። ይልሱኝ፣ እኔም ጨው ነኝ።»

«አልራበኝም» አለ ወፍጮ።

ጨው ሁሉም ቦታ አለ። ማስረጃ ግን የትም የለም። ሐሙስ ከሰዓት ላይ ኢንስፔክተሩ ቢሮው ውስጥ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። በመስኮቱ፣ የጣቢያው በር ላይ የባለቤቱ ጎረምሶች ከወዲሁ ተደርድረው ይታያሉ። ሳጅኗ ስልክ ላይ ናት።

«እሺ የናቴ ልጅ! ቻው የናቴ ልጅ!» ብላ ዘጋች።

«እህትሽ ናት?»

«ጎረቤቴ ናት አለቃ። ‹የናቴ ልጅ› ለአፍ ነው። እውነተኛዋ የናቴ ልጅማ በአባት ሌላ ስለሆነች፣ ስማችንን ያየ ሰው ባዳ ነው የሚለን።»

ወፍጮ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ስማችንን ያየ ሰው ያልሽውን።»

ሳጅኗ አፏን ከፈተች፤ ግን አልደገመችውም። መድገም አላስፈለጋትም።

«ሌላም አለ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ድምፁ አሁን ግድግዳውን ያነቃንቅ ጀመር። «ባለቤቱ፣ ባለሻይዋ፣ ዘበኛው፣ የታሰረው ሰውዬ እንኳ፣ ሁሉም ‹ፈነዳ› አሉ። ያ ንጹሕ ሰው ‹ቧንቧው ሲሰነጠቅ› አለ። በጆንያ የደበቅነውን ክርን የት አየው? ይዘሽ ሂጂ መኪናውን! ወደ እናቱ ከተማ!»

*

ዓርብ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም በሟቹ የመስታወት ክፍል ሰበሰበ፤ ባለቤቱን፣ ባለሻይዋን፣ ኬሚስቱን፣ እጁ በሰንሰለት የታሰረውን የቦይለር ሠራተኛ። ሳጅኗ ከጉዞዋ ተመልሳ በር ላይ ቆማለች፤ ፊቷ የተዘጋ ሱቅ ነው። በተቆረጠው ክርን ፋንታ አዲስ ተተክቷል። በመስኮቱ በኩል ያለው ሌላኛው ክርን ግን አሮጌ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ከሥሩ አንድ ወንበር። ከግድግዳው ጀርባ የእንፋሎት ፉጨት ይሰማል።

«ቦይለሩ ሥራ ጀምሯል» አለ ወፍጮ። «የሰውን አቀማመጥ መለካት እፈልጋለሁ። አንተ፣ ቁጭ በል።»

የቦይለር ሠራተኛው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሩ እሱን አላየም። ያየው ኬሚስቱን ነው። ኬሚስቱ ወደ ላይ፣ ወደ ክርኑ አየ፤ ከዚያ የተቀመጠውን ሰው አየ፤ ከዚያም ካፖርቱን አስተካክሎ ወደ በሩ ትንሽ ተጠጋ። አንዲት ቃል አልወጣውም።

«ጥሩ። ተነስ። አሁን እርስዎ ይቀመጡ።»

«እኔ?» አለ ኬሚስቱ። «እኔ ምን ልጠቅም?»

«በቁመት እርስዎ ለሟቹ ይቀርባሉ።»

«ወገቤን ያመኛል። ብቆም ይሻለኛል።»

«ለአፍታ ነው።»

«አልቀመጥም አልኩ እኮ!»

ላቡ በዚያ ንጹሕ ግንባር ላይ ፈሰሰ። ወፍጮ ወንበሩን ጎትቶ ራሱ ዘጭ ብሎ ተቀመጠበት፤ እግሩንም አነባበረ።

«እትዬ፣ ያቺን ማንቆርቆሪያ ከእሳት ያውርዷት፣ በፉጨቷ አደነቆረችን። ቦይለሩ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ቧንቧው እንደ በረዶ ነው፤ ሙቀት የማያልፍበት ብረት ማንንም አይነክስም። ይህን የምናውቀው እኔና እርስዎ ነን። እርስዎን ያስፈራዎት ግን ሙቀቱ ሳይሆን እዚያ ውስጥ ያስገቡት ነገር ነው። ሳጅን!»

ሳጅኗ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ብርድ ልብሱን በምላጭ ቀደደችው። ከውስጡ፣ ከላይኛው ወለል ቀዳዳ ጀምሮ ቁልቁል የወረደ፣ እንደ ኩራዝ ፈትል የተገመደ ጨርቅ ወጣ፤ በጨው ደርቆ እንደ ዱላ ቆሟል። ጫፉን ስትፈታው የሰማያዊ ሽርጥ ግማሽ ሆነ። ጥጉ ላይ ትንሽ የተጠለፈች ወፍ።

ባለሻይዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ላይኛው ጫፉ መታጠቢያህ ሥር ነው» አለ ወፍጮ፤ አንቱታው አልቋል። «ጠዋት ጠዋት ጨው በጥብጠህ ታጠጣዋለህ። ቀን ቧንቧው ይግላል፣ ማታ ይበርዳል። ሰውዬው ወንበር ሲያዞር ከሽርጡ ሌላ ግማሽ ሁለተኛ ፈትል አወረድክለት። ሲመለስ ወደ መጀመሪያው ተመለስክ፤ ያንን ከፈቃድህ በፊት ስበህ አወጣኸው፣ ይሄኛው ግን በጨው ደርቆ እምቢ አለህ። እናትህ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቶ አለ፤ የአንተና የእሷ። አባት ለየብቻ፣ እናት አንድ። ፋብሪካው ዘመድ ለዘመድ ስለማይቀጥር ባዳ መስላችሁ ገባችሁ። የናቴ ልጅ ስትላት ሰው ሁሉ ቁልምጫ መሰለው። አንተ ግን እውነትህን ነበር።»

ኬሚስቱ ካፖርቱን ፈታ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ቆመ።

«እኔ አልገደልኩትም» አለ። «ሙቀት ነው የገደለው፣ እሷን እንደገደላት። ያለ ክዳን የፈላ ጋን ላይ አቁሟት፣ ስትሞት ስሟን አጠፋው። ‹ራሷ ከፍታ› አለ! ስለዚህ በገዛ ሽርጧ ቀቀልኩት። በየጠዋቱ ሳጠጣው ‹ለአንቺ ነው› እላት ነበር። ብትሰቅሉኝ አይቆጨኝም። በአንድም ነገር አይቆጨኝም!»

ባለቤቱ አገሣ። ቁምሳጥኑ ተነቃንቆ ወደ ኬሚስቱ ሲንደረደር ወፍጮ በአንድ መዳፍ ደረቱን አቆመው።

«ደም መመለስ ከፈለጉ በተራው ነው» አለው። «የእሷ ይቀድማል። የጋኑን ክዳን ያስነሳው ወንድምዎ ከሆነ፣ ወንድምዎን ያዘዘው ማን እንደሆነ ከሰዓት እርስዎ ጣቢያ መጥተው ይነግሩኛል። ጎረምሶቹን ይተዉአቸው፤ ወንበር የለንም።»

ባለቤቱ ቀለሙ ጠፋ። በማቅለሚያ ቤት ውስጥ ቀለም ሲጠፋ ያየ ሰው የለም ነበር።

ሳጅኗ የቦይለር ሠራተኛውን ሰንሰለት ፈታችለት። ሰውዬው አልወጣም። ጠረጴዛው ላይ ካለው ሽርጥ አጠገብ ቆሞ፣ ወፏን በዚያ ግንድ ጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ያንን የሹክሹክታ ድምፁን ይዞ ወደ ኬሚስቱ ዞረ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለው።

«ምኑን?»

«ላገባት ነበር። ለማን ቀርቤ ልለምን ስላት ‹ወንድም አለኝ፣ ቁጡ ነው፣ ግን ሲያውቅህ ይወድሃል፤ ጊዜው ሲደርስ አሳይሃለሁ› አለችኝ። ማን እንደሆነ ሳትነግረኝ ሞተች።» ወንበሩን በጣቱ አመለከተ። «እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ታየኝ ነበር። ዝም አልክ።»

የኬሚስቱ ዓይን ከሰውዬው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ወፏ ሄደ። ከንፈሩ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ አገጩ፤ ከዚያ በዚያ በሚያብረቀርቅ ንጹሕ ፊት ላይ ከዓይኑ ጥግ ጀምሮ ቀጫጭን መስመር፣ አንዱ ከሌላው እየበቀለ፣ እስከ አንገቱ ወረደ።

ባለሻይዋ ውጭ ለተሰበሰበው ሠራተኛ ስታወራ «በለቅሶ ፈነዳ» ብላለች። እሷ ሁሉን ታጋንናለች። በአጠገቡ ቆሞ ያየው ወፍጮ ግን ነገሩን በትክክል ያውቃል።

አልፈነዳም። ተሰነጠቀ።